«ምቹ» የሚባለው የጊታር አንገት የሚመቸው ለማን እጅ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የኮምቦልቻ ሰው ነኝ። ቀን ቶርኖ ቤት እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ በየሠርጉ ጊታር እጫወታለሁ። ጋዜጣችሁ እኛ ጋ የሚነበበው በተራ ነው። መጀመሪያ ባለቤቱ፣ ቀጥሎ እኔ፣ መጨረሻ ላይ ብየዳ የሚሠራው ልጅ። ከሁለት ሳምንት በፊት ኤሌክትሪክ ጊታር ለሚገዙ ወጣቶች ያወጣችሁትን ምክር ግን ተራ ሳልጠብቅ ቤት ይዤው ሄድኩ። ስለ ጊታር በአማርኛ የተጻፈ ነገር ብዙ ስለማላገኝ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ ፒካፑ፣ የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ አምፕሊፋየሩ ስለሚልከው ክፍል፣ የጻፋችሁት ልክ ነው። ስለ አምፕሊፋየሩም እስማማለሁ። አንዲት መስመር ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። «ጀማሪ ከሆኑ አንገቱ ቀጭንና ምቹ የሆነውን ይምረጡ» ትላለች።

ቀጭን ሁሉ ምቹ አይደለም። ይህን ያስተማረኝ የገዛ እጄ ነው።

የመጀመሪያዋ ጊታሬ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ከቤት ወጥተን ስንመለስ አልነበረችም። በዚያ ወቅት ስንቱ ስንት ነገር ስላጣ ስለ ጊታር ማውራት ያሳፍረኝ ነበር። ዛሬ ግን ልጥቀሳት። ከሰው ሰው ስትተላለፍ የመጣች ነበረች። ስሟ ተፍቆ ጠፍቷል። አንገቷ ከጀርባው ሞላ፣ ድብልብል ያለ ነው። ውፍረቱ ስንት እንደሆነ አንድም ቀን ለክቼው አላውቅም። እጄ ግን ያውቀው ነበር።

ሌላ ለመግዛት ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቀምኩ። እዚህ እኛ ጋ ኤሌክትሪክ ጊታር ደርድሮ «ያዝና ሞክር» የሚል ሱቅ እንደ ልብ አይገኝም። አብዛኞቻችን ፎቶ በቴሌግራም እናያለን፣ አዲስ አበባ እንደውላለን፣ ዕቃው በአውቶብስ ይላክልናል። እኔም እንዲሁ አደረግኩ። ሻጩን «አንገቱ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «በጣም ቀጭን ነው ወንድሜ፣ ምቹ ነው፣ እጅህ ላይ መኖሩም አይሰማህ» አለኝ። አመንኩት። ዋሽቶኛል ብዬም አላስብም። ለእሱ እጅ ምቹ ይሆናል።

ባቲ ላይ ሠርግ ነበረን። እንደምታውቁት ባቲ ቆላ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት በደህና አለፈ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ሰዓት ላይ አውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥጋ ተኮማተረ። አመልካች ጣቴን በስድስቱም ክር ላይ አስተኝቼ የምይዘውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) መያዝ አቃተኝ። ጣቴን ብዘረጋው አልዘረጋ አለ። ዘፋኙ ዞር ብሎ አየኝ። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛችን ነገሩ ገብቶት ሸፈነልኝ። ሙሽሮቹ ምንም አላወቁም ይሆናል። እኔ ግን ያን ሌሊት እጄን በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፍኩ አደርኩ።

ሻጩ ጋ ስደውል «ሲለመድ ይለቃል፣ ካልሆነም ትረስ ሮዱን አስተካክለው» አለኝ። ይህን መልስ የሚሰጠው እሱ ብቻ አይደለም፤ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ላስረዳ። ትረስ ሮድ አንገቱ ውስጥ የተቀበረ ብረት ነው። ስድስቱ ክሮች አንገቱን ወደ ፊት ሲጎትቱት እሱ ወደ ኋላ ይይዘዋል። በቁልፍ ሩብ ዙር ያህል ሲጠብቅ ወይም ሲላላ የአንገቱ ጉብጠት ይስተካከላል። ውፍረቱን ግን አይለውጥም። የጀርባውን ቅርጽም አይለውጥም። ያ እንጨት ሲቀረጽ ያለቀ ጉዳይ ነው። ዘንግ ጎብጧል ብለህ ብታቃናው ዲያሜትሩ አይጨምርም። እኔ በየቀኑ የማየው ሥራ ስለሆነ ነው ይህን ያህል እርግጠኛ የሆንኩት።

ሰኞ ጠዋት ጊታሩን ቶርኖ ቤት ይዤው ሄድኩ። ክሮቹን አላልቼ በካሊፐር ለካሁት። ፍሬት የምንላቸው አንገቱ ላይ በአግድም የተቀበሩትን ቀጫጭን ብረቶች ነው። መጀመሪያው ፍሬት አካባቢ ከጀርባው እስከ ጣት መጫኛው እንጨት 18.9 ሚሊ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ 20.5። ጀርባው ጠፍጣፋ ነው። በሳምንቱ ደሴ ወጥቼ የጓደኛዬን ጊታር ለካሁ። እጄ ውስጥ እንደገባ እንደ ጠፋችው ጊታሬ ተሰምቶኝ ነበር። የመጀመሪያው ፍሬት ላይ 22.8 ሆነ። ልዩነቱ 4 ሚሊ እንኳ አይሞላም። ሰው ሲሰማው ኢምንት ይመስለዋል። እኛ ግን ኩሽኔታ የሚገባበት ዘንግ ስንሠራ ጥቂት መቶኛ ሚሊ ስተን ሥራው ይመለስብናል። እጅም እንደዚያው ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ጨብጦ ለሚቆይ እጅ 4 ሚሊ ብዙ ነው።

ለምን እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። የእኔ መዳፍ ሰፊ ነው። አንገቱ ሲሳሳ አውራ ጣቴ የሚደገፍበት ያጣል። እጄ ባዶውን ቦታ ለመሙላት እየጨበጠ ይሄዳል። ቀጭን ችቦ አጥብቀህ ስትይዝና የዶማ እጀታ ስትይዝ እጅህ ላይ ያለውን ልዩነት አስቡት። ዶማው ይከብዳል፣ እጀታው ግን መዳፍህን ይሞላዋል።

ቀጭኑን አንገት ያመጡት ሰዎች ምክንያት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 ከጊብሰን ፋብሪካ የወጣው ሌስ ፖል ጊታርም ሆነ በ1954 ከፌንደር የወጣው ስትራቶካስተር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንገታቸው ሞላ ያለ ነበር። ጊብሰን በ1960 አካባቢ አሳሳው። ዛሬም ካታሎጉ ላይ «የ50ዎቹ» እና «የ60ዎቹ» እየተባለ በሁለት ዓይነት ይሸጣል። ከዚያ በ1980ዎቹ አይባኔዝ የሚባለው ጊታር ሠሪ «ዊዛርድ» የሚባለውን በጣም ስስ አንገት ይዞ መጣ። እሱ የተሠራው አውራ ጣታቸውን ከአንገቱ ጀርባ መሃል ላይ አድርገው በከፍተኛ ፍጥነት ሶሎ ለሚጫወቱ ነው። እኔ ሠርግ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ኮርድ የምመታ ሰው ነኝ። ጀማሪም ከዊዛርድ ይልቅ ወደ እኔ ይቀርባል። መጀመሪያ የሚማረው ኮርድ ነውና።

ውፍረት ብቻውንም አይበቃም። ቅርጽ አለ። በጊታር ሰዎች ዘንድ የአንገቱ ጀርባ በፈረንጅ ፊደል ይጠራል። ሲ የሚሉት እንደ ግማሽ ጨረቃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስማማው እሱ ነው። ዲ ጀርባው ጠፍጣፋ ሆኖ ትከሻው የሞላ ነው። ዩ ጥልቅና ሙሉ ነው፤ ጨበጥኩት ትላለህ። ቪ ደግሞ መሃሉ ላይ እንደ ቤት ጣሪያ ሸንተረር አለው። ቪን አውራ ጣቱን ከላይ አሻግሮ ስድስተኛውን፣ ወፍራሙን ክር የሚጫን ሰው ይወደዋል። አሜሪካዊው ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስ በአውራ ጣቱ ባስ ክሩን ይጫን እንደነበር ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ያውቃል። አውራ ጣቱን ከጀርባ መሃል የሚያሳርፍ ሰው ግን ሸንተረሩ ይቆረቁረዋል።

ይህን ሁሉ ለወጣቶቹ በአፍ ስነግራቸው አይገባቸውም ነበር። ስለዚህ ሠራሁት። የዋንዛ እንጨት ቶርኖ ላይ አስሬ 44 ሚሊ ዲያሜትር ያለው ድቡልቡል አወጣሁ። በርዝመቱ ለሁለት ሰነጠቅኩት። መጋዙ 2 ሚሊ ያህል ይበላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ግማሽ 21 ሚሊ ውፍረት ያለው ግማሽ ክብ ሆኖ ቀረ። ጎኑን በሞረድ ነካ ነካ አድርጌ ስፋቱን 42 አደረስኩት። ይኸው ሲ። ሌላኛውን ግማሽ ከጀርባው 2 ሚሊ አሳሳሁት፤ ጠፍጣፋ ሆነ፤ ይኸው ዲ፣ 19 ሚሊ። ከዚያ 48 ዲያሜትር አውጥቼ ሰነጠቅኩና ጎንና ጎኑን ቆርጬ 43 አደረግኩት። 23 ሚሊ ጥልቀት ያለው ዩ ወጣ። ቪውን በእጄ ሞረድኩት፤ እንደ ሌሎቹ አላማረም፣ ግን ያገለግላል። የብርጭቆ ወረቀት አስነክቼ አራቱንም መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ጊታር ሊገዛ ያሰበ ልጅ ሁሉ ይመጣና ይይዛል። ዓይንህን ጨፍን እለዋለሁ። ለአምስት ደቂቃ ኮርድ እንደያዝክ አድርገህ ቆይ እለዋለሁ። እንጨቶቹ ክር የላቸውም፣ ድምፅ የላቸውም። ፎቶ፣ ቀለም፣ ስም የሚባል ነገር የለም። እጅ ብቻውን ይመርጣል። አንድ ቀን ዕድሜያቸው የገፋ የሰፈራችን ማሲንቆ ተጫዋች ብረት ሊያስበይዱ መጥተው አራቱንም ያዙ። ሙሉውን፣ ዩውን መረጡ። «የማሲንቆዬ በትር ነው ይሄ» አሉ። የማሲንቆ አንገት ክብ በትር ነው። ክሩም እንጨቱ ላይ ተጭኖ አይያዝም፣ ጣት ነው የሚነካው። መሣሪያው ሌላ ነው። መዳፋቸው ግን የለመደውን አወቀ።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልምጣ። ደሴ ነው የምትኖረው፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እጇ ትንሽ ነው። በናይለን ክር ጊታር ነበር የተማረችው። ኤሌክትሪክ ፈለገች። አንድ ሻጭ «ለሴት ልጅ በጣም ቀጭኑ ነው የሚሆናት» አላት። ክረምት ላይ ኮምቦልቻ ስትመጣ እንጨቶቹን ሰጠኋት። ዓይኗን ጨፍና ያዘቻቸው። ሦስት ጊዜ አደባልቄ ሰጠኋት። ሦስቱንም ጊዜ ባለ 21ዱን ሲ መረጠች። «አጎቴ፣ ቀጭኑ ላይ ጣቶቼ የሚቆሙበት አያውቁም» አለችኝ። ይህን አባባል እኔ ራሴ በዚህ ሁሉ ዓመት አላገኘሁትም ነበር።

ታዲያ ድሮውን ምን ነበር የሚያስቸግራት? ስፋቱ ነበር እንጂ ውፍረቱ አልነበረም። የናይለን ክር ጊታር ክሮቹ የሚነሱበት ቦታ ላይ 52 ሚሊ ያህል ይሰፋል። ይህን ቦታ ነት ይሉታል፤ የቡሎን ዳዶ እንዳይመስላችሁ፣ ክሮቹ የሚያርፉበት ነጩ መቀመጫ ነው። አብዛኞቹ ፌንደሮች ላይ ይህ ስፋት 42፣ ጊብሰኖች ላይ 43 አካባቢ ነው። ልጅቷ ከ52 ወደ 42 ስትመጣ ስድስተኛው ክር ራሱ ወደ እሷ መጣ። ርዝመትም አለ። ከነቱ እስከ ብሪጁ (ክሮቹ የጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት) ያለው የክር ርዝመት ፌንደር ላይ 648 ሚሊ፣ ጊብሰን ላይ 628 ነው። በአጭሩ ላይ ፍሬቶቹ ትንሽ ይቀራረባሉ። ያው ውፍረት ያለው ክር ሲጫኑትም ለስለስ ይላል። ለትንሽ እጅ ከቀጭን አንገት ይልቅ ይህ ነው የሚጠቅመው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ለወሎዎች ልጨምር። አምባሰልም ባቲም የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆኑ አገራችን ናቸው። አምባሰልን በጊታር ስትጫወት ከመነሻው ድምፅ አንድ ፍሬት ትሄዳለህ፣ ከዚያ አራት ፍሬት ትዘላለህ። ወደሚቀጥለው ክር ተሻግረህ ልትይዘው ትችላለህ። ግን የዘፋኝ ጉሮሮ እንዲመስል ከፈለግክ በዚያው ክር ላይ ከ6ኛው ወደ 10ኛው ፍሬት ጣትህን ሳታነሳ ታንሸራትተዋለህ። ያኔ አውራ ጣትህም ከኋላ አብሮ ይንሸራተታል። የአንገቱ ጀርባ የሚያብለጨልጭ ወፍራም ቫርኒሽ ከሆነና እጅህ ካላበው ይይዝሃል። ደሴ ላይ በብርዱ ያልታወቀኝ ነገር ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ይታወቀኛል፣ ባቲ ስደርስ ያሠቃየኛል። ስለዚህ የምትጫወቱት ቆላ ከሆነ ደብዛዛ ቀለም ያለውን ምረጡ። ገዝታችሁት ከሆነም ጀርባውን ብቻ፣ በጣም በደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ማሸት ይበቃል። ፊቱን እንዳትነኩት።

ክሩን ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁን ማቅጠንም አለ። ይህ ደግሞ ከጣት መጫኛው የጎን ለጎን ጉብጠት ጋር ይያያዛል። የድሮ ፌንደሮች ፊታቸው በጣም ጎበጥ ያለ ነው፣ ራዲየሱ 184 ሚሊ። ኮርድ ሲይዙበት ደስ ይላል። ክሩ ዝቅ ብሎ ከተስተካከለ ግን ገፍተህ ስታጣምመው ድምፁ መሃል ላይ ይታፈናል። ዘመናዊዎቹ ፌንደሮች ወደ 241፣ ጊብሰን 305 ናቸው፤ ጠፍጠፍ ሲል መታፈኑ ይቀንሳል። የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን ጊታር እየሰማ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ላይ ይጨነቃል። ሮሃ የላሊበላ የጥንት ስሟ መሆኑን ሳስብ ደግሞ የበለጠ የእኛ ይመስለኛል።

አንገቱን ከመውቀስ በፊት ግን ክሩን እዩ። ብዙ ጊዜ «አንገቱ አልተመቸኝም» የሚለኝ ልጅ ጊታሩን ሳየው ክሮቹ ሰማይ ላይ ናቸው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ቀጭኑ ክር ከፍሬቱ 1.6 ሚሊ አካባቢ፣ ወፍራሙ 2 ሚሊ ገደማ ከፍ ቢል ይበቃል። አንዱን ክር መጀመሪያውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑት። መሃሉ ላይ የሠርግ መጥሪያ ካርድ የሚያሳልፍ ክፍተት ብቻ ሊኖር ይገባል። ከዚያ በላይ ከሆነ ያኔ ነው ትረስ ሮዱ የሚያስፈልገው። ክረምትና በጋ ሲፈራረቅ እንጨቱ ስለሚንቀሳቀስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይህን ማየት ጥሩ ነው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም እጅህን ካመመህ ጥፋቱ የቅርጹ ነው። አንገቱ በአራት ብሎን የታሰረ ከሆነ ፈትቶ ሌላ አንገት መግጠም ይቻላል። በሙጫ የተያያዘ ከሆነ ግን መፍትሔው መሸጥ ነው። እኔም ያንን ቀጭኑን ሸጥኩት። ከእኔ የገዛው ልጅ ጣቶቹ ረዣዥም ናቸው፣ አውራ ጣቱን ከኋላ ነው የሚያሳርፈው። በጣም ወዶታል።

ከእናንተ የምለምነው እንግዲህ ይህን ነው። ሁለተኛ ስለ ጊታር ስትጽፉ «ምቹ» ብላችሁ አትለፉት። ቁጥሩን አውጡልን። መጀመሪያው ፍሬት ላይ ውፍረቱ ስንት ነው? አሥራ ሁለተኛው ላይስ? ነቱ ላይ ስንት ይሰፋል? ጀርባው ምን ቅርጽ አለው? ርዝመቱ 648 ነው ወይስ 628? ሻጮችም ፎቶው ሥር እነዚህን አምስት ነገሮች ቢጽፉ አንድ መስመር አይሞላም። የቀለሙን ስም ይጽፉት የለ? ካሊፐር ውድ ዕቃ አይደለም። መለኪያው ፍሬቱ ብረት ላይ ሳይሆን ከጎኑ ካለው እንጨት ላይ ይሁን፤ ያለበለዚያ ቁጥሮቹ አይገጥሙም። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚገዛ ልጅ ያ ቁጥር ነው እጁን ወክሎ ሱቁ ድረስ የሚሄድለት።

የእህቴ ልጅ ነገር እንዴት ሆነ ትሉ ይሆናል። ትንሽ ስትጨነቅ እናቷ «አብሽሪ፣ ይገኛል» አለቻት። የአጎቷ ልጅ ለጉዳይ አዲስ አበባ ሲሄድ ባለ 21ዷን እንጨት ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት፤ ካሊፐሬንም አስያዝኩት። እሱ ጊታር ይዞ አያውቅም። ሱቅ ገብቶ በአንድ እጁ እንጨቷን፣ በሌላው የጊታሮቹን አንገት እየያዘ ሲያስተያይ ሻጩ መጀመሪያ ግር ብሎት ነበር አሉ። አምስተኛው ላይ ገጠመለት። ለካው፣ 21.2። ነቱ 42፣ ጀርባው ደብዛዛ። ጊታሩ ከእሱ ጋር ደሴ ገባ። ልጅቷ ከደረሰላት ጊዜ ጀምሮ ከእጇ አላወረደችውም፤ እናቷ እንዳለችኝ አቦሉ ተፈልቶ በረካው እስኪደርስ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ትጫወታለች።

እንጨቷ ግን አልተመለሰችም። ሻጩ «እባክህ ይህችን ተውልኝ፣ ስልክ ለሚደውልልኝ ሁሉ በእሷ እለካለሁ» ብሎ አስቀርቷታል። ዛሬ ጠዋት ሌላ ዋንዛ ቆርጬ ቶርኖው ላይ አስሬያለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንባቢያችሁ ከኮምቦልቻ